ላሠራት ወይስ ልቀይራት? መጀመሪያ እሁድ ጠዋት ቸርቺልን ወጥተሽ እዪ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ሰሜን ሆቴል አካባቢ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ። በ2011 ዓ.ም. የገዛኋት ቪትዝ አለችኝ። እስከ አምና ድረስ አስቸግራኝ አታውቅም። አሁን ግን ትግላለች። ጠዋት ልጄን አድርሼ ወደ ሜክሲኮ ስወርድ ምንም አትሆንም። ማታ የቸርቺል ጎዳናን አቀበት ስወጣ ቀዩ መብራት ይበራል። አንድ ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ ልጄ ከኋላ ተቀምጣ፣ ቀጥ አለች። ከኋላዬ የነበረው የሚኒባስ ሹፌር የሰደበኝን አልነግርዎትም። የሚሠራልኝ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። በ14 ወር ውስጥ ራዲያተር ሁለቴ፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ባትሪ ቀይሮልኛል፤ ስደምረው 168 ሺህ ብር መጣ። አሁን ደግሞ ‹ሞተሩ ደክሟል፣ ሌላ እናስገባ› ብሎ 190 ሺህ ጠየቀኝ። ቤንዚንም ከድሮው በላይ ትጠጣለች። የመኪና ነጋዴ ጋ ሄጄ ቪትዟን በ780 ሺህ እንያዝልሽና 1.1 ሚሊዮን ጨምረሽ ያሪስ ውሰጂ አሉኝ። ከመሥሪያ ቤቴ ብድርና ቁጠባ በ15 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት የሚከፈል ማግኘት እችላለሁ። ባለቤቴ ግን ‹ይህን ሁሉ አውጥተንባት እንዴት እንሸጣታለን› ይላል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን በደህና ቤታችሁ ገባችሁ። የሚኒባሱን ሹፌር እርሺው፣ እሱ ለቆመም ለሚሄድም ይሳደባል።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው «ሸጠሽ ተገላገይ» ልልሽ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። 14 ወር ሙሉ ዕቃ ሲቀየር፣ ይቺ መኪና ለምን እንደምትግል የነገረሽ ሰው የለም። ራዲያተር ይሆናል ተባለ፣ ተቀየረ። ፖምፓ ይሆናል ተባለ፣ ተቀየረ። ባትሪው ከመጋል ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንግዲህ የአክስት ልጅ ይንገረን። 168 ሺህ ብርሽ የሄደው በግምት ነው። አሁን የመጣው የ190 ሺሁ ሞተርም ያው ግምት ነው፣ ልዩነቱ ውድ መሆኑ ብቻ።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። 168ቱ ሺህ ሄዷል። ብትሸጧትም ባትሸጧትም አይመለስም። ዕቁብ አይደለም፣ ተራችሁ ደርሶ አይወጣላችሁም። ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጠረው ገና ከኪሳችሁ የሚወጣው ነው።

አሁን አንቺው ራስሽ የጻፍሽውን ልጠቀምበት። ጠዋት ቁልቁል ስትወርድ ደህና ናት፣ ማታ አቀበት ስትወጣ ትግላለች። ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ግን ማታ ቸርቺል ላይ ሁለት ነገር ነው አብሮ የሚመጣው፤ አቀበቱም አለ፣ መጨናነቁም አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያግላት ካላወቅሽ መካኒክሽም አያውቅም። ቆማ ወይም እየተንፏቀቀች ስትሄድ ብቻ የምትግል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋኑ ይሄዳል፣ ምክንያቱም መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቆም ግን ያለ ፋን ማንም አይደርስለትም። በተከፈተ መንገድ ሽቅብ ስትወጣም የምትግል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ ውሃው በደንብ እየተዘዋወረ አይደለም፣ ወይ የራዲያተሩ ክዳን ማፈኑን ትቷል፣ ወይ የሞተሩ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በላይኛው ክፍሉ በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል።

ስለዚህ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ መኪናዋን አውጪ። ልጅቷ ትተኛ። ከቤት ወደ ሜክሲኮ ወርደሽ አንድ ሁለቴ ዞር ዞር በይና ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ከዚያ ከለገሃር ተነሺና ጥቁር አንበሳን፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈሽ እስከ ማዘጋጃ ቤት ሳትቆሚ ውጪ። ቀዩ መብራት በራ ወይስ አልበራም? በመንገድ ላይ ከበራ ወዲያው ዳር ያዢና አጥፊ፣ ፈተናው እዚያው አለቀ። ካልበራ መቆም የሚፈቀድበት ቦታ ፈልገሽ አቁሚ (ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ ቅጣት ይዘሽ እንዳትመለሺ)፣ ሞተሩን ሳታጠፊ ኮፈኑን ክፈቺና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቂ። ጆሮሽን ስጪው። ፋኑ ድንገት ይነሳል፣ እየነፈሰ ይቆይና ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። የጤነኛ መኪና ድምፅ ይሄ ነው። ሳይነሳ ቆይቶ መብራቱ ከበራ በሽታሽን አገኘሽው ማለት ነው፤ የፋኑ ሞተር፣ ሪሌው (ፋኑን የሚያበራው ማብሪያ) ወይም ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ሦስቱም ከሞተር ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው።

የራዲያተሩን ክዳን ግን በሙቀቱ እንዳትነኪው። የፊት ቆዳ በመለዋወጫ አይተካም።

ስለ ክዳኑ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፣ እኛ አገር የሚገባውን ክብር ያላገኘ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ መቶ ዲግሪ አይደርስም፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ቆላ ያሉ ዘመዶችሽ ቤት ሽንብራ ቶሎ የሚበስለው፣ እኛ ጋ ግን ጋዝ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው። ታዲያ ለምን ሁላችንም መንገድ ላይ አንፈላም? ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ሲታፈን የሚፈላበት ዲግሪ ሃያና ከዚያ በላይ ከፍ ይላል፤ ያው እንደ ቤትሽ የግፊት ድስት። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ስፕሪንጉ ሲላላ ማፈኑን ይተዋል፣ ውሃው አቀበት ላይ ይፈላል፣ ገንፍሎ ይወጣል፣ ሰውየው ራዲያተር ይቀይራል። አንቺ ራዲያተር ሁለቴ ቀይረሻል። ክዳኑስ? ብዙ ጊዜ አሮጌው ተመልሶ ነው የሚገጠመው። ጠይቂው።

ሌላም ጠይቂው። «ቴርሞስታቱ የት ነው?» በይው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ትንሽ በር ማለቴ ነው። ጥያቄዬ ቀልድ አይደለም። የጋለች መኪና ስትመጣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ መድኃኒት ነው። «እኛ አገር አያስፈልግም፣ ለበረዶ አገር ነው» ይሉሻል። ያስፈልጋል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በወጉ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩ ገና ጠዋት ላይ ያለ ይመስለውና ቤንዚን ይጨምርለታል። አንቺም «ከድሮው በላይ ትጠጣለች» ብለሻል። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ይህን ስታነቢ አንድ ነገር አልታሰበሽም?

ወደ ጓርኒሲዮን ልምጣ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ሳይኖር ውሃ የምትጨርስ ከሆነ፣ ከሞቀች በኋላም በጭስ ማውጫው ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቆመ፣ ወይም ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተሽ ስታስነሻት ውሃው ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ካለ እሱ ነው። የዘይት ዲፕስቲኩን መዘሽ እይው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከመጣ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ያንን መኪና በዚያው ቀን ማቆም ነው። ይህም ቢሆን ግን ሞተር ቀይሪ ማለት አይደለም። ቴስታታው ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተጣሞ እንደሆነ ይለካል፣ ይስተካከላል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል። «ሞተሩ ደክሟል» የሚል ሰው ደግሞ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለክቶ እያንዳንዱን ሲሊንደር በቁጥር ጽፎ ይስጥሽ። ያልተለካ ድካም ሐሜት ነው።

እኔም ተበልቻለሁ። ዲኤክስ ነበረችኝ። እንደ አንቺዋ ትግላለች፣ ሞተር ቀይር ተባልኩ፣ ተበድሬ ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ሞተርም ጋለ። ራዲያተሩ ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ኖሯል፤ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት ማን ኩላንት አየ? ሞተሩን የቀቀለው ነገር እዚያው ተቀምጦ ሁለተኛውን ሞተር ጠበቀው። መካኒኩ አንገቱን እየነቀነቀ «የዱባይ ሞተር እንዲህ ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል።

እንግዲህ በሽታው ታወቀ እንበል። ያኔ ነው ብር የሚቆጠረው። አሁን ባለው አካሄድ በወር 12 ሺህ ገደማ እያወጣሽባት ነው። የያሪሱን 1.1 ሚሊዮን በ15 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ብትወስጂ በየወሩ ከ26 ሺህ ብር በላይ ትከፍያለሽ። ወለዱ ብቻ ሲደመር 470 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ያ የአክስት ልጅ የጠየቀሽን ሞተር ሁለቴ ገዝቶ ይተርፋል ማለት ነው። ያሪሷም በነፃ አትሄድም፤ ጎማዋ፣ ዘይቷ፣ ፍሬኗ፣ ኢንሹራንሷ አለ። ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል፣ ብድር ደግሞ ለአምስት ዓመት ቆሞ ማውረድ ነው።

ግን ብር ብቻ አልቆጥርብሽም። አንቺ የጻፍሽልኝ ስለ ወለድ አይደለም፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ዝናብ ውስጥ ልጅሽን ይዘሽ ስለቆምሽው ነው። ይህ ዋጋ አለው። ማታ ማታ ቸርቺልን እያየሽ ልብሽ የሚመታ ከሆነ፣ ራይድ የከፈልሽውም፣ ከአለቃሽ ጋር የተጣላሽበትም ቀን ይቆጠራል። በደንብ ተመርምራ፣ በደንብ ተሠርታ፣ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በዚያው በሽታ እንደገና ካቆመችሽ አትከራከሪ፣ ሽጫት። እንዲሁም ምርመራው ላይ ካምቢዮዋም እየተንሸራተተ፣ ወይም ከሥር ሻንሲዋ በዝገት ተበልቶ ከተገኘ ጓርኒሲዮን ላይ ብር አታፍስሺ። አንድ ትልቅ በሽታ ይታከማል። ሁለት ሲሆን ሌላ ወሬ ነው።

ለመሸጥ ብትወስኚ እንኳ ታማ አትሽጫት። 780 ሺህ ያሉሽ የታመመችውን አይተው ነው። ጤነኛዋ ስንት ታወጣለች? ሦስት ደላላ ጠይቂ፣ አንዱ የሚልሽን ለሌላው ሳትነግሪ። ለምሳሌ ጤነኛዋ 950 ሺህ ብታወጣና መታከሚያዋ 60 ሺህ ቢሆን አሠርቶ መሸጥ ያዋጣል፣ ልዩነቱን ለነጋዴው በነፃ አትስጪው። ሳይሠራ ለመሸጥ ከመረጥሽም «ትግላለች» ብለሽ ተናግረሽ ሽጪ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ያቺ መኪና ነገ ሌላ ልጅ ይዛ ነው የምትቆመው።

ነጋዴዎቹ ቶሎ ወስኚ ይሉሻል። ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለቆመ «ያለው እያለቀ ነው» የሚለው ወሬ እውነትነት አለው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ መኪናውም መለዋወጫውም አብሮ ነው የዘለለው። ግን ይሄ ለአንቺም ይሠራል፤ የአንቺዋም ቪትዝ ቤንዚን ነው የምትጠጣው፣ ዋጋዋም አብሮ ወጥቷል። የሚያጣድፍ ነገር የለም።

ያሪሷን ለማየት ስትሄጂ ነጋዴው ያላገናኘሽን መካኒክ ይዘሽ ሂጂ። ሳትደውዪ ድረሽና ሞተሩን ቀድመሽ በእጅሽ ዳሰሽ እይው። ሞቆ ከጠበቀሽ ለምን እንደሞቀ ጠይቂ፤ ክፉ መኪና ጠዋት በቀዝቃዛው ስትነሳ ነው የምትጋለጠው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። ኪሎ ሜትሩን አትመኚው፣ የፔዳሎቹን ጎማና የመሪውን መላላጥ ተመልከቺ። ከዚያ እሷንም ቸርቺልን አስወጫት፣ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ።

ልውውጥ ማለት ደግሞ ሁለት ሽያጭ ነው። የያሪሷ ስም ወደ አንቺ፣ የቪትዟ ስም ወደ እነሱ መዞር አለበት፣ ዕዳና እገዳም ተጣርቶ። «ቪትዟን በውክልና ስጪን፣ ገዢ ሲመጣ እናዞራለን» ካሉሽ እምቢ በይ። ስሟ እስካልዞረ ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ መኪና ላደረሰው ጉዳት ደግሞ ባለቤቱ ነው የሚጠየቀው። ማን እንደሚነዳት በማታውቂው መኪና ፍርድ ቤት መቆም ትፈልጊያለሽ? ውልና ማስረጃ ስትሄዱም ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ። ዝቅ አድርገን እንጻፍ የሚለው ጨዋታ ነገር ሲበላሽ በእጅሽ ያለውን ማስረጃ ያሳጥርብሻል።

ኤሌክትሪክ መኪና ውሰጂ የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ጥሩ ነው፣ ግን በራስሽ ቆጣሪ ቤትሽ የምታስሞይበት ግቢ ከሌለሽ ለጊዜው ይቅር።

አሁን የቀረው የአክስት ልጅ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ከመኪናዋ ይልቅ አንቺን የከበደሽ እሱ ይመስለኛል። ሌላ መካኒክ ጋ ሄድሽ ማለት ለሠርግም ለለቅሶም የምትገናኙት ሰው ተቀየመ ማለት ነው፣ ይገባኛል። ግን አንቺ አትንገሪው። የእሱ ዘመድ ባለቤትሽ ነው፣ እሱ ይንገረው፣ በስልክ ሳይሆን ቤት ጠርቶ ቡና እየጠጡ። «ሞተር ከመቀየራችን በፊት ሌላ ቦታ እናስለካትና ውጤቱን አምጥተን ከአንተ ጋር እናየዋለን» ይበለው። ይሄ ስድብ የለበትም። ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ «ጥሩ ነው፣ እኔም እመጣለሁ» ይላል፣ አብሮ ይምጣ። ካኮረፈ ማኩረፉም አንድ መልስ ነው። የምትመረምሩበትን ቦታ ስትመርጡ ግን ዕቃ የማይሸጥ፣ ለምርመራ ብቻ የሚያስከፍል ይሁን። መኪናዋን በኮምፒውተር አገናኝተው የውሃውን ሙቀት እየነዱ ያንብቡልሽ፣ ኮምፕሬሽኗን ይለኩ፣ ራዲያተሩን በአየር ግፊት ይፈትኑ። የምትከፍይው ካለፈው ባትሪሽ አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ፤ እንግዲህ እኔም ገመትኩ።

እስከዚያው መንዳት ካለብሽ ማታ በቸርቺል አትውጪ። የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፊ፣ መብራቱ ከበራ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። እግርሽን ይጠብስሻል፣ ሞተሩን ግን ትንሽ ያስተነፍሰዋል፣ ዳር እስክትይዢ ይበቃል። ዳር ከያዝሽ በኋላ አጥፍተሽ ጠብቂ፣ «ትንሽ ብቻ» ብለሽ እስከ ማዘጋጃ አትግፊያት።

የእሁዱን ውጤት ጻፊልኝ፤ በባዶው መንገድ ጋለች ወይስ ቆማ? ክዳኑን ግን እሁድን ሳትጠብቂ ነገውኑ ግዢው፣ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና ላዩ ላይ ከተጻፈው የግፊት ቁጥር ጋር እኩል የሆነውን ውሰጂ። የአክስት ልጁንም ስለ ቴርሞስታቱ ጠይቂው፤ «ጥዬዋለሁ» ካለሽ የቤንዚኑ ወሬ እዚያው አለቀ።